ፊደልን በጣት ማንበብ፦ የኢንጂነር ጆን ሊንቪል የኦፕታኮን ጉዳይ

ካምፓስ እያለሁ አንድ አይነ ስውር የዶርም ጓደኛ ነበረኝ። ሃንድአውቱን እየተፈራረቅን እናነብለታለን፣ እሱ ወይ በቴፕ ይቀዳዋል ወይ ስሌት የሚባለውን የብሬል መጻፊያ ሰሌዳ ይዞ በስታይለስ፣ በመውጊያው ማለት ነው፣ ቷ ቷ እያደረገ ወደ ብሬል ይገለብጠዋል። ትምህርቱ እንዲህ እንዲህ እያለ ሄደለት። ከቤት ደብዳቤ ሲመጣ ግን ሌላ ነው፣ ክንዴን ይዞ ኮሪደሩ ጫፍ ድረስ ይወስደኝና ድምፅህን ቀንስ እያለ ያስነብበኛል። አንድ ቀን ከእህቱ የመጣ ደብዳቤ ውስጥ ሰው ፊት የማይወራ የቤተሰብ ጉዳይ ነበር፣ እያነበብኩ እኔ አፈርኩ፣ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። የራሱ ደብዳቤ እኮ ነው፣ ከሱ በፊት ግን እኔ አወቅኩት።

ኦፕታኮን ስለሚባለው፣ አይነ ስውር ሰው የታተመ ፅሁፍ በራሱ ጣት እንዲያነብ ስለሚያደርገው ማሽን፣ መጀመሪያ ያነበብኩ ጊዜ ትዝ ያለኝ ያ ኮሪደር ነው። ለዚህ ነው ይሄን ጉዳይ ከስሩ ጀምሬ ልጽፈው የፈለግኩት፣ ኤሌክትሮኒክስ የተማራችሁም ያልተማራችሁም እንድትከተሉኝ እሞክራለሁ፣ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጆን ሊንቪል ማለት ካሊፎርኒያ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪካል ምህንድስና መምህር የነበረ ሰው ነው። 1919 ተወለደ፣ ኤምአይቲ ተማረ፣ ከዛ ቤል ላብስ የሚባለው የአሜሪካ የስልክ ካምፓኒ የምርምር ተቋም ገባ፣ ትራንዚስተር ገና ሲጀመር ማለት ነው፣ እዛ በትራንዚስተር የሚሰሩ አክቲቭ ፊልተሮች፣ የሚፈለገውን ሲግናል ከማይፈለገው የሚለዩ ሰርኪዩቶች፣ ላይ የሰራው ስራ ሙያው ውስጥ ስሙን አስጠራው። 1955 ላይ ወደ ስታንፎርድ መጣ። ያን ጊዜ ስታንፎርድ ሲሊከን ላይ ምንም ልምድ አልነበረውም፣ እሱና ሌሎቹ የትምህርት ክፍሉ ሰዎች ጂም ጊበንስ የሚባለውን ወጣት መምህር ትራንዚስተርን ከፈጠሩት አንዱ የሆነው ዊሊያም ሾክሌይ ላብራቶሪ ልከው የሲሊከን አሰራር ተምሮ እንዲመጣ አደረጉ። 1964 ላይ ሊንቪል የትምህርት ክፍሉ ሊቀመንበር ሆነና እስከ 1980 ቆየ። ይሄን ሁሉ የዘረዘርኩት በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው፣ ሰውዬው በሙያው አይነ ስውራንን የሚረዳ ድርጅት ውስጥ የሚሰራ አልነበረም፣ የሰርኪዩት ሰው ነው።

ቤቱ ውስጥ ግን ካንዲ የምትባል ልጅ አለችው። ሬቲኖብላስቶማ የሚባል ህፃናትን የሚይዝ የአይን ካንሰር ይዟት በ3 ዓመቷ ሁለቱም አይኖቿ ጠፉ። ትምህርት ቤት የገባችው ከሌሎቹ ልጆች ጋር ነው፣ ችግሩ መጽሐፍ ነው፣ ልጆቹ የሚማሩበት መጽሐፍ በብሬል የለም። እናቷ ማርጆሪ ብሬል ተማረችና በብሬል መጻፊያ ማሽን ገፅ በገፅ እየገለበጠች ትሰጣት ጀመር። አስቡት እስቲ፣ ልጅ አንድ ክፍል ባለፈ ቁጥር መጽሐፉ ይወፍራል፣ ይበዛል፣ እናት ደግሞ አንድ ናት። ማርጆሪ ስሟ በኋላ በወጣው ፓተንት፣ የፈጠራ መብት ሰነዱ ማለት ነው፣ ላይ የለም፣ ግን ለኔ የዚህ ጉዳይ መነሻ የሷ ጣቶች ናቸው፣ ሊንቪል ማታ ማታ ቤቱ የሚሰማው የሷን ማሽን ድምፅ ነበር ብዬ ነው የማስበው።

1962 ላይ ሊንቪል የእረፍት ዓመቱን ዙሪክ ውስጥ ያሳልፍ ነበር፣ ጀርመን ሄዶ የአይቢኤም ላብራቶሪ ሲጎበኝ አንድ ፈጣን ፕሪንተር አሳዩት። ፕሪንተሩ ፊደል የሚያትመው በትንንሽ ፒኖች ነው፣ ፒኖቹ እንደ መዶሻ እየወጡ ወረቀቱን ይመታሉ፣ የፊደሉ ቅርፅ የሚወጣው የትኞቹ ፒኖች እንደወጡ ነው። እዛው ቆሞ እያየ አንድ ነገር መጣለት፣ በወረቀቱ ፋንታ ጣት ቢቀመጥስ? ፒኖቹ ጣት ላይ ቢመቱ ልጄ ፊደሉን ታውቀዋለች ወይ? ብዙ ሰው ያንን ፕሪንተር አይቶታል፣ ቤቱ ብሬል የሚገለበጥለት ሰው ሲያየው ነው ሌላ ማሽን የሆነው።

ስታንፎርድ ተመልሶ ስራ ጀመረ፣ የፓተንት ማመልከቻ አስገባ፣ ጃንዋሪ 18 ቀን 1966 የአሜሪካ ፓተንት ቁጥር 3,229,387 በስሙ ወጣለት፣ ርእሱም ቀጥተኛ ነው፣ ለአይነ ስውራን የማንበቢያ እርዳታ ይላል። ሀሳቡን በኛ አባባል ላስቀምጠው። ከአንድ ወገን ብርሃን የሚለዩ ትንንሽ ነጥቦች በረድፍ ተደርድረው የታተመ ወረቀት ላይ ያያሉ፣ ከሌላ ወገን በዛው ልክ የተደረደሩ ትንንሽ ፒኖች ጣት ስር አሉ፣ ነጥቡ ጥቁር ቀለም ሲያይ ልክ በሱ ቦታ ያለው ፒን ይንቀጠቀጣል፣ ነጭ ሲያይ ዝም ይላል። በቃ ይሄው ነው። ማሽኑ ፊደሉን አያውቀውም፣ ኤ ይሁን ቢ ይሁን አይገባውም፣ የቀለሙን ቅርፅ ከወረቀት አንስቶ ጣት ላይ ያስቀምጣል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የጉዳዩ ፍሬ ያለው እዚህ ነው። በዛን ጊዜም ፊደል አውቆ የሚናገር ማሽን እንስራ የሚሉ ሰዎች ነበሩ፣ ሀሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን እንደዛ ያለ ማሽን ያነባል፣ አንተ ትሰማለህ። የሊንቪል ማሽን አያነብም፣ የምታነበው አንተ ነህ። ፅሁፉ ጎበጥ ያለ ይሁን፣ ሰረዝ ይኑረው፣ ግራፍ ይሁን፣ ገፁ ላይ ከላይ ይሁን ከታች፣ ሁሉንም ራስህ በካሜራው እየዳሰስክ ታገኘዋለህ። የማሽኑ ድንቁርና ለአንባቢው ነፃነት ሰጠው፣ እኔ እንደዛ ነው የምረዳው።

ፓተንት መያዝና የሚሰራ እቃ መያዝ ደግሞ በጣም የተለያዩ ናቸው። መጀመሪያ ያልተመለሰው ጥያቄ የኤሌክትሮኒክስ እንኳን አልነበረም፣ ጣት ይችለዋል ወይ ነው። ስንት ፒን ያስፈልጋል? በምን ያህል ፍጥነት ይንቀጥቀጥ? ፊደሉ ቆሞ ይነካ ወይስ እየሄደ? ይሄን የሚያውቅ ሰው ቅርብ ነበር፣ ጂም ብሊስ ይባላል፣ እዛው ከስታንፎርድ አጠገብ ያለው የምርምር ተቋም ኤስአርአይ ውስጥ በመዳሰስ መረጃ ማስተላለፍ ላይ ይሰራ ነበር። ሁለቱ ተገናኙና እቃው ከመሰራቱ በፊት ኮምፒውተር ላይ ሞከሩት፣ ፊደሎቹ ልክ እንደ መብራት ማስታወቂያ ከቀኝ ወደ ግራ በፒኖቹ ላይ እያለፉ፣ ካንዲ ጣቷን አስቀምጣ የምታውቀውንና የማታውቀውን እየተናገረች። ዋናዋ ሞካሪ እሷ ነበረች። እቃው ገና በእጅ የሚያዝ ሳይሆን፣ ገንዘቡም ሳይፈስበት፣ ጣት ማንበብ ይችላል የሚለው በፈተና ታወቀ። እኔ ይሄን ክፍል ነው ለተማሪዎች ደጋግሜ የማወራው፣ ብዙ የኛ አገር የመመረቂያ ፕሮጀክት ሳጥኑ ተሰርቶ ቀለም ከተቀባ በኋላ ነው ተጠቃሚ የሚፈለገው።

ከፈተናው የወጣው ቁጥር 144 ፒን ነው፣ በቁመት 24 በወርድ 6። ወርዱ ለምን ጠበበ ካላችሁ ፊደሉ እየሄደ ስለሚያልፍ ነው፣ በጠባብ መስኮት የሚያልፍ መኪና እንደምታዩት፣ በአንድ ጊዜ ሙሉውን ማየት የለባችሁም፣ ሲያልፍ አእምሮ ይገጣጥመዋል። ቁመቱን ግን አንዴ ካጣችሁት በማንቀሳቀስ አታገኙትም፣ ስለዚህ 24። እያንዳንዱ ፒን የተሰካው ፒዞኤሌክትሪክ በሚባል ሴራሚክ በተሰራ ቀጭን ምላስ ጫፍ ላይ ነው፣ ሁለት ስስ ሴራሚክ ተለጥፈው ቮልቴጅ ሲሰጣቸው አንዱ ሲረዝም አንዱ ሲያጥር ምላሱ ይታጠፋል፣ ቮልቴጁ ሲገለባበጥ ይርገበገባል። የርግብግቢቱ ፍጥነት በሰከንድ 230 ጊዜ አካባቢ ነው፣ በአጋጣሚ አይደለም፣ የጣት ቆዳ ንዝረትን በደንብ የሚሰማው በዛ አካባቢ ስለሆነ ነው። ኮይልና ማግኔት ተጠቅመው ቢሆን ኖሮ 144ቱን ከጣት ጫፍ ብዙም በማይበልጥ ቦታ ላይ መክተት አይታሰብም፣ ባትሪውም በደቂቃ ያልቅ ነበር።

ከባዱ ግን ወረቀቱን የሚያየው ክፍል ሆነ። 144 ብርሃን የሚለዩ ትራንዚስተሮች በአንድ ሲሊከን ላይ፣ በእጅ በሚያዝ ካሜራ ውስጥ የሚገባ። በ1960ዎቹ መጨረሻ እንዲህ ያለ ነገር ከሱቅ ገዝተህ አታመጣም። ስታንፎርድ ራሱ የቺፕ ላብራቶሪውን አቅም እያሳደገ ሰራው፣ 1967 ላይ የመጣው ጂም ማይንድል በትንሽ ሃይል የሚሰሩ ሰርኪዩቶቹን ይዞ ገባበት፣ ከአሜሪካ መንግስት የትምህርት ቢሮም የምርምር ገንዘብ ተገኘ። አስተውሉ፣ ለአይነ ስውር ልጅ የታሰበ እቃ ነው አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ቺፕ መስራት እንዲለማመድ የገፋው። ቺፕ ሰርቶ የሚያውቅ ሰው ደግሞ የሚረዳው ሌላ ጣጣ አለ፣ 144ቱም መስራት አለባቸው። ሚሞሪ ላይ አንድ ቢት ቢበላሽ በሌላ ትተካዋለህ፣ እዚህ ግን አንድ የሞተ ነጥብ ማለት እያንዳንዱ ፊደል ሲያልፍ በዛው ቦታ ላይ ጣት የማይሰማው ቀዳዳ ማለት ነው።

1969 ላይ ራሱን የቻለ በእጅ የሚያዝ ፕሮቶታይፕ ደረሰ። ስሙን ኦፕታኮን አሉት፣ የእይታን ነገር ወደ መዳሰስ የሚቀይር ለማለት ነው። 1970 ላይ ሊንቪልና ብሊስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ቴሌሰንሰሪ ሲስተምስ የሚባል ካምፓኒ አቋቋሙ፣ በቀጣዩ ዓመት ኦፕታኮን ለሽያጭ ወጣ።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። የግራ እጅ ሌባ ጣት ማሽኑ ውስጥ ባለው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ይቀመጣል፣ ፒኖቹ እዛ ስር ናቸው። ቀኝ እጅ ትንሿን ካሜራ ይዞ መስመሩ ላይ ይነዳል። ፊደሉ ትልቅ ከሆነ ወይ ካነሰ ካሜራው ላይ ያለውን ማጉያ ታዞራለህ፣ ህትመቱ የደበዘዘ ከሆነ ጥቁርና ነጭ የሚለይበትን ማስተካከያ ታዞራለህ፣ ጣትህ ላይ የሚሰማህን ንዝረት ደግሞ በሌላ ታበረታዋለህ ወይ ትቀንሰዋለህ። ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። መስመር ሳትስት ካሜራ መንዳት ራሱ ሙያ ነው፣ የፊደል ቅርፅ በጣት ማወቅ ሌላ ሙያ ነው፣ ስልጠናው በአስርት ሰዓታት የሚቆጠር ሲሆን ከዛ በኋላም የወራት ልምምድ አለው። ፍጥነቱም ውስን ነው። ብሬል የለመደ ሰው በደቂቃ 100 ቃልና ከዛ በላይ ያነባል፣ በኦፕታኮን ጎበዝ የሚባሉት 40 እና 50 ቃል አካባቢ ነበሩ፣ ጥቂቶች ከዛ ያልፋሉ፣ ብዙዎች እዛም አልደረሱም።

ታዲያ ለምን ወደዱት? ረጅም ልብወለድ ሊያነቡበት አይደለም። የመብራት ሂሳብ፣ የባንክ ወረቀት፣ የመድሃኒት እሽግ ላይ ያለ ፅሁፍ፣ ከእናት የመጣ ደብዳቤ፣ ገና ብሬል ያልሆነና መቼም የማይሆን ነገር ሁሉ፣ ሰው ሳይጠሩ፣ በራሳቸው ሰዓት፣ በሩን ዘግተው። በዛ ላይ ስራ አለ። ካሜራው ጫፍ ላይ የሚቀያየሩ ሌንሶች መጡለት፣ አንዱ ታይፕራይተር ላይ የሚገጠም፣ እየጻፍክ የጻፍከውን የምታነብበት፣ ሌላው ለካልኩሌተር፣ ሌላው ለኮምፒውተር ስክሪን። ስክሪን ላይ ፅሁፉ ብርሃን ጀርባው ጨለማ ስለሆነ የሚገለብጥ ማብሪያ ነበረው። አይነ ስውር ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን ከወረቀትም ከስክሪንም በዚህ አነበቡ፣ ስክሪን አንባቢ ሶፍትዌር ገና ሳይታሰብ። ካንዲም ስታንፎርድ ገብታ ተመረቀች፣ ቀጥላ ዶክትሬቷን ይዛ የስነ ልቦና ባለሙያ ሆነች።

ካምፓኒው በኦፕታኮን ብቻ አልቆመም፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ ስፒች ፕላስ የሚባል የሚናገር ካልኩሌተር አወጣ። እሱ ደግሞ ራሱን የቻለ የፓተንት ታሪክ አለው፣ በርክሌይ የነበረ ፎረስት ሞዘር የሚባል የፊዚክስ ሰው ድምፅን በጣም ጨምቆ ትንሽ ሚሞሪ ውስጥ የሚከትበት ዘዴ ነበረው፣ ያን መብት ለቴሌሰንሰሪ ሰጠ፣ 24 ቃል ብቻ የሚያውቅ ቺፕ ተሰራ፣ ለሂሳብ ግን 24 ቃል ይበቃል።

አሁን ወደሚከብደኝ ክፍል ልምጣ። 1976 ላይ ሬይ ከርዝዋይል የታተመ ፅሁፍ አይቶ በድምፅ የሚያነብ ማሽን አወጣ፣ መጀመሪያ ትልቅና በጣም ውድ ነበር፣ ከዓመት ዓመት ግን ስካነር ረከሰ፣ ኮምፒውተር ረከሰ፣ የሚናገር ሶፍትዌር ተሻሻለ። ለወራት ጣት ከማሰልጠን ወረቀቱን ስካነር ላይ አስቀምጦ መስማት ይቀላል፣ ማንም ይሄን አይክድም። ኦፕታኮን ደግሞ ዋጋው በሺዎች ዶላር የሚቆጠር ነው፣ ሁለተኛው ሞዴል ከጃፓኑ ካነን ጋር ተሰርቶ ፒኖቹ ወደ 100 ወረዱ፣ የድሮዎቹ አንባቢዎች ልዩነቱን ጣታቸው ላይ አወቁት። 1996 ላይ ማምረት ቆመ፣ 2005 ላይ ካምፓኒው ራሱ ተዘጋ።

ውሳኔው በሂሳብ ልክ ሊሆን ይችላል። ግን ማሽኑ የቆመባቸው ሰዎች ያጡትን ነገር አዲሱ ማሽን አልተካላቸውም፣ የሚናገረው ማሽን ቃሉን ይሰጥሃል እንጂ ገፁን አይሰጥህም፣ ሰንጠረዡ ይዘበራረቃል፣ ፊርማው የት እንደሆነ አይነግርህም፣ የማያውቀው ፊደል ሲመጣ ዝም ይላል ወይ ይሳሳታል፣ መሳሳቱን ደግሞ አታውቅም። ከ20 ዓመት በላይ ጣታቸውን ያሰለጠኑ ሰዎች ማሽናቸው ሲበላሽ የሚጠግንላቸው ፍለጋ ጀመሩ፣ አንዱን አሮጌ ለሌላው መለዋወጫ እያደረጉ፣ ምላሶቹን እያጸዱ፣ የማይመረት ቺፕ እያፈላለጉ። ጥገና ላይ ለሰራ ሰው ይሄ ነገር ያማል። ሰውነትህ የተማረው ችሎታ አለ፣ ችሎታው ጤነኛ ነው፣ የሚሰራበት እቃ ግን ከአለም ላይ እያለቀ ነው። እኔ የማምረቻ ንድፉና የሰርኪዩቱ ዶክመንት ያኔውኑ በሙሉ ለህዝብ ክፍት መሆን ነበረበት ባይ ነኝ፣ የ1966ቱ ፓተንት ጊዜው ካበቃ ቆይቷል፣ ግን ፓተንት የሀሳቡን ቅርፅ እንጂ ምላሱ እንዴት እንደሚጣበቅ አይነግርህም። ሊንቪል 2011 በ91 ዓመቱ አረፈ።

አንድ ነገር ቀርቷል፣ ስለኛ ፊደል። ማሽኑ ቋንቋ ስለማያውቅ ማንኛውንም የታተመ ፊደል ያሳያል፣ የኛን ጨምሮ፣ የላቲን ፊደል የሚያነቡ የሚናገሩ ማሽኖች ግን አማርኛ ፊት ለረጅም ጊዜ ዲዳ ነበሩ። ታዲያ በ24 ቁመት ፊደላችን ይለያል ወይ ብዬ ባለ ካሬ የሂሳብ ደብተር አውጥቼ ስሳል አመሸሁ። በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ፣ ብ፣ ቦ። ቡ ወገቧ ላይ በቀኝ አንዲት ሰረዝ አላት፣ ቢ ያቺው ሰረዝ እግሯ ላይ ወርዳለች፣ ቤ እግሯ ላይ ቀለበት። በ24 ካሬ ውስጥ ሁሉም ይለያሉ፣ የምታስቸግረው የቤ ቀለበት ናት፣ መሀሏ ክፍት እንዲሆን ካሬ ያንሳታል።

የዛን የዶርም ጓደኛዬን አግኝቼው ስለዚህ ነገር አወራሁትና የሳልኳቸውን ካሬዎች ካርቶን ላይ ከጀርባ በመርፌ ወግቼ ወሰድኩለት። እሱ ሲወለድ ጀምሮ አያይም። በአማርኛ ብሬል ቡ ማለት ለብቻዋ የብ ድምፅ ምልክት፣ ለብቻዋ ደግሞ የኡ ምልክት ናት፣ ሁለት ነገር ተከታትለው፣ እሱ የሚያውቃት እንደዛ ነው። ካርቶኑን ጭኑ ላይ አድርጎ በሌባ ጣቱ ብዙ ጊዜ ተመላለሰባት። ከበ ወደ ቡ፣ ከቡ ወደ ቢ፣ ተመልሶ ወደ በ።

«አንድ ናት እንዴ?» አለኝ። «ቡ አንድ ፊደል ናት?»

አዎ አልኩት፣ ያው በ ናት፣ ጎኗ ላይ ትንሽ ነገር ወጥቶላት ነው።

ጣቱን ሳያነሳ «የስሜን ፊደሎች ውጋልኝ» አለኝ።